ሽማግሌዎቹ የተቀመጡበት ሶፋ

እስከ ዛሬ ሳስበው ደሜ ይፈላል። ሰው ዕቃውን ደጁ ላይ ዘርግቶ ከሸጠ ወይ ከስሯል ወይ ትዳሩ ፈርሷል ያለው ማን ነው? እኔ የሸጥኩት ኮርስ ልገባ ብዬ ነው፤ ይህንንም ከማንም አልደበቅኩም። ማንም ቢጠይቀኝ እነግረው ነበር። የጠየቀኝ ግን የለም።

እኔና ባለቤቴ እዚህ አሜሪካ፣ ሪከንባከር በሚባለው አካባቢ ካሉት መጋዘኖች በአንዱ አሥራ አንድ ዓመት ዕቃ ስናሽግና ስንጭን ኖረናል። ልጆቻችን አድገው ከቤት ወጥተዋል። ወገቤም በቃኝ ካለ ቆይቷል። አንድ ቀን ሐኪም ቤት ደም የቀዳችልኝ ሴት፣ በዕድሜ እኔን የምታህል፣ መርፌዋን በሁለት ጣት ይዛ ስትሠራ አየሁና ቀናሁባት። የዚያን ቀን ጠዋት ስንት ካርቶን እንዳነሳሁ ነበር የማስበው። ጠየቅኳት። አራት ወር የሚፈጅ ኮርስ እንደሆነ፣ ክፍያውም አንድ ሺህ ሁለት መቶ ዶላር እንደሆነ ነገረችኝ። ደውዬ ሳጣራ ምዝገባው ሊዘጋ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል።

ገንዘብ የለንም ማለት አይደለም። ግን ደሴ ላይ የጀመርነው ቤት አለ፤ ያገኘነውን ሁሉ የሚበላው እሱ ነው። ከዚያ ላይ ለራሴ አንድ ዶላር ብነካ ነገር ይነሳል። ስለዚህ የማንንም ሳልነካ ጋራዣችንን ከፈትኩ።

ጋራዥ ልበለው እንጂ መኪና ገብቶበት አያውቅም። የሕፃን አልጋ፣ ሦስት ሳይክል፣ ሁለት ቴሌቪዥን፣ አንድ ቀን ይጠቅማሉ ተብለው የተደረደሩ ድስቶች፣ ባለቤቴ በቅናሽ አገኘሁ እያለ ያመጣቸው የግድግዳ መብሻ ድሪሎችና መፍቻዎች። ከሁሉም ትልቁ ሶፋው ነበር። ሳሎን በነበረ ጊዜ እንግዳ ካልመጣ ላስቲኩ አይነሳለትም ነበር። እኛ ምንጣፍ ላይ እየተቀመጥን ሶፋ ስንጠብቅ ኖረን፣ ሌላ ስንገዛ እንዳዲስነቱ ጋራዥ ገባ። በእሱ ላይ ሁለት መቶ ሃምሳ ዶላር ጻፍኩበት።

ሥራውን ያስተማረችኝ ጎረቤቴ ናት። ሰፈራችን ፎረስት ፓርክ ውስጥ እኛ ሳንመጣ ጀምሮ የኖረች አሮጊት አሜሪካዊት ስትሆን በየበጋው ያገለገለ ዕቃ ደጇ ላይ ዘርግታ ትሸጣለች፤ ጋራዥ ሴል ይሉታል። የወንድ ዕቃ ወደ መንገዱ ይቅረብ አለችኝ፤ ሴቷ ለማንኛውም ትቆማለች፣ መኪናውን የሚነዳውን ሰውዬ የሚያስቆመው ግን መፍቻ ነው። መሬት ላይ ያለ ዕቃ አይሸጥም፣ ሰው አያጎነብስምና ሁሉም ጠረጴዛ ላይ ይውጣ። በኤሌክትሪክ የሚሠራው እንዲሞከር ኤክስቴንሽን ይዘርጋ። ዋጋ ያልተጻፈበት ዕቃ አይኑር፤ ሰው መጠየቅ ያፍራል። ዝርዝር ብርም አስቀድሞ ይዘጋጅ። እንዳለችኝ አደረግኩ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ከሥራ ስመለስ ስጠርግ፣ ሳጥብ፣ የዋጋ ስቲከር ስለጥፍ አመሸሁ። ለመንገዱ ማዕዘን ቀስት የተሳለበት ካርቶን አዘጋጀሁ።

ባለቤቴ ይህን ሁሉ እያየ ያለው ነገር ቢኖር «እንደ ፍጥርጥርሽ» ነው። ኮርሱንም ነግሬዋለሁ፤ ያኔም ራሱን ነቀነቀና ዝም አለ። እኔ ዝምታውን እሺታ ነው ብዬ ወሰድኩት። ለዚህም ነው ቅዳሜ ጠዋት ገና ሳይነጋ ተነስቶ ሶፋውን፣ ጠረጴዛውን፣ ሳይክሎቹን አብሮኝ ሲያወጣ በሆዴ የመረቅኩት። ወላሂ፣ ምን ዓይነት ባል ሰጠኝ ብያለሁ።

የምንከፍተው በሁለት ሰዓት ነው ብለን ብንጽፍም አንድ ሰዓት ሳይሞላ አንድ ሰውዬ ደርሶ ድሪሎቹን ያገላብጥ ጀመር። ሠላሳ ዶላር የተጻፈበትን አንስቶ አምስት አለኝ። ይህ ሰው ሱፐርማርኬት ገብቶ በአንድ ሳንቲም አይከራከርም፤ የተጻፈውን ከፍሎ አመስግኖ ነው የሚወጣው። የእኔ ደጅ ሲደርስ ነው መርካቶ የመሰለው። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል አሉ። አልሸጥልህም አልኩት። ዞሮ ዞሮ በሃያ አምስት ወሰደው።

ፈረንጆቹስ ገበያተኞች ናቸው። የእኛው ሰው ነው ያቃጠለኝ። ሊንደን ከሚባለው ሰፈር አንዲት ወዳጄ፣ በደጃችን ያለፈ ሰው ነግሯት ኖሮ፣ ገና በማለዳው ደውላ «እንዴ፣ ሙቭ ልታደርጉ ነው፣ ቤት ልትለቁ? ወይስ ቤቱን ባንኩ ወሰደው?» አለችኝ። ጋራዥ ሴል ነው ስላት አላህ ያቅልልሽ ብላ ዘጋችው። ምኑን ነው የሚያቀልልኝ? ትንሽ ቆይቶ የማውቃቸው ባልና ሚስት በመኪና መጡ፣ ቀስ አሉ፣ ዕቃውን አዩ፣ እኔን አዩኝ፣ ከዚያ ሁለቱም ፊታቸውን ወደ ሌላው ወገን አዙረው ሄዱ። አፍረውልኝ ነው። ለልጃቸው ሠርግ ሦስት ቀን ሽንኩርት ስከትፍ ያላፈሩልኝ ሰዎች ጠረጴዛ ዘርግቼ ስላዩኝ አፈሩልኝ።

እንዲያም ሆኖ ገበያው ደራ። ሳይክሎቹ ሄዱ፣ የሕፃኑ አልጋ ሄደ። ሦስት ሰዓት ተኩል ሲሆን ባለቤቴ ዝርዝር አልቋል፣ ላምጣ ብሎ መኪናውን አስነሳ። አንድ ወጣት ባልና ሚስት ሶፋውን ዞር ዞር እያሉ አዩት፣ ወደዱት፣ በሩ ያስገባው እንደሆነ ልንለካ ነው፣ ሜትር ይዘን እንመለሳለን ብለውኝ ሄዱ።

እነሱ ከመሄዳቸው ሦስት ሽማግሌዎች ከአንድ መኪና ወረዱ። በዚያ ሙቀት ሦስቱም ኮት ለብሰዋል። አንደኛው በአካባቢያችን የወሎ ሰው ሁሉ የሚያከብራቸው ሐጂ ናቸው፤ ሁለተኛው ጋሼ የምንላቸው፣ ባልና ሚስት በማስታረቅ የታወቁ ክርስቲያን ጎረቤት ናቸው፤ ሦስተኛውን በመልክ ብቻ ነበር የማውቀው። ሰላምታ ሰጡኝና ሄደው ሦስቱም ሶፋው ላይ ተቀመጡ።

መቼም ሽማግሌ ቆሞ አይነጋገርም። ውሃ አቀረብኩ። ነገሩ ገብቶኛል፤ ያቺ የደወለችው ሴት ለአገሩ ሁሉ አዳርሳዋለች፣ እነሱም ትዳራችን ፈረሰ ብለው መጥተዋል። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት ብዬ በሆዴ አማኋቸው። ጋሼ ስለ ትዳር ጀመሩ። ጥርስና ምላስ እንኳ ይጋጫሉ፣ ቤት የሚቆመው በመቻቻል ነው እያሉ ሲያረዝሙት መኪና ይቆማል፣ ሰው ይወርዳል፣ ኮት የለበሱ ሦስት ትልልቅ ሰዎች ተሰይመው ሲያይ ለቅሶ ቤት የገባ ይመስለውና ይመለሳል። የገበያው ዋና ሰዓት እኮ ነው። አንዷ ሴትዮ ጠረጴዛው አጠገብ ደርሳ በሹክሹክታ ይቅርታ ጠይቃኝ ሄደች።

እኔና ባለቤቴ አልተጣላንም አልኳቸው። አሁን ዝርዝር ሊያመጣ ሄዷል፣ ብትጠብቁት ራሱ ይነግራችኋል አልኩ። ይሄኔ ሐጂ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ቀና አሉ።

«ልጄ፣ እኛ ዝም ብለን ከሜዳ አልተነሳንም። የላከን ባለቤትሽ ነው።»

ጆሮዬ ጭው አለ። ከዚያ በኋላ ያሉትን እየቆራረጥኩ ነው የሰማሁት። ለካ ከሁለት ሳምንት በፊት ነው ሄዶ ያስቸገራቸው። እኔ ስቲከር ስለጥፍ ማለት ነው። ሥራዋን ልታቆም ነው ብሏቸዋል፤ እኔ ግን ማታ ልማር፣ ቀን ልሠራ ነበር ያሰብኩት። የደሴው ቤት ጣሪያ ሳይመታ ሊቀር ነው ብሏቸዋል። ምከሩልኝ ብሏቸዋል። ቀኑንም የመረጠው እሱ ነው፤ ቅዳሜ ደጅ ትውላለች፣ አታጧትም ብሎ። ዝርዝር አልቋል ብሎ ለምን እንደሄደም ያን ጊዜ ገባኝ።

ጋሼ ነገሩን በቀልድ ሊያለሳልሱት ፈለጉ። ሶፋው ከወጣ ባል ለመውጣት ምን ቀረው አሉና ሳቁ። ሐጂ ግን አልሳቁም። በዚህ ዕድሜሽ ትምህርት ምን ያደርግልሻል፣ የሰው ደም እየቀዱ መዋልስ ምን ሥራ ነው፣ አንቺ ልጆችሽን ለቁም ነገር ያበቃሽ ሴት ነሽ አሉኝ። አርባ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ካርቶን ለማንሳት አላረጀሁም፤ መርፌ ለማንሳት አረጀሁ ማለት ነው? ይህን ሁሉ በልቤ ነው የምለው። አፌ ግን «እሺ ሐጂ» ነው የሚለው። እንዲህ ነው ያሳደጉን።

በዚህ መሀል ወጣቶቹ ባልና ሚስት ሜትራቸውን ይዘው ተመለሱ። ሽማግሌዎቹን ሲያዩ ግራ ተጋብተው ከመንገዱ ዳር ቆሙ። ልጅቷ በዓይኗ ትጠይቀኛለች፤ ባሏ ሰዓቱን ያያል። እስከዚያ ሰዓት የሸጥኩትን አውቀዋለሁ። ያለ ሶፋው ኮርስ የለም።

ሽማግሌን ከመቀመጫው ያስነሳ ሰው በእኛ ዘንድ ምን እንደሚባል አውቃለሁ። እኔ ራሴ ስለ ሌላ ሰው ብዬዋለሁ።

«ሐጂ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኩ። «ሶፋው ገዢ መጥቶለታል። ይነሱልኝ።»

ሐጂ ተነሱ። ጋሼም ተነሱ። ሦስተኛው፣ ቃል ሳይተነፍሱ የቆዩት፣ በጣም ቀስ ብለው ተነሱና ሄደው መፍቻዎቹ አጠገብ ቆሙ። አንዱን አንስተው ለእኔ ስንት ታደርጊልኛለሽ ብለው ጠየቁኝ። በተጻፈው አልኳቸው። ከፍለው በኪሳቸው ከተቱት።

ልጁ ሶፋውን ለክቶ ሒሳቡን እንደከፈለኝ ባለቤቴ በከረጢት ሳንቲም ይዞ መጣ። ሽማግሌዎቹ ቆመው፣ እኔ ብሩን ስቆጥር ሲያይ ከረጢቱን ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ሰው ፊት አልተናገርኩትም። በዚያ በኩል ያዝለት አልኩት። ባለቤቴ በአንድ ወገን፣ ልጁ በሌላው ወገን አንስተው ሶፋውን ወጣቶቹ በመጡበት ፒክአፕ መኪና ላይ ጫኑት። ሐጂ ስለ ትዳራችን ረጅም ዱዓ አደረጉ፣ ጋሼም አሜን አሉ። ስለ ትምህርቴ ቃል ይጨምሩ እንደሆነ እጄን እንደዘረጋሁ ጠበቅኩ። አልጨመሩም፤ መኪናቸው ገብተው ሄዱ።

ስምንት ሰዓት ላይ ዘጋን። ኮርሱን የሚከፍል፣ መጽሐፉንም የሚገዛ ገንዘብ እጄ ገባ። ባለቤቴ የቀረውን ዕቃ እያስገባ ነበር፤ ጋራዡ ውስጥ ደርሼ ከፊቱ ቆምኩ።

«ለሦስት ሰው የተናገርከውን ለእኔ መናገር አቃተህ?» አልኩት።

ቤቱም፣ ጣሪያውም ሰበብ ነው አለኝ።

«አንቺ ተምረሽ ከወጣሽ እዚያ መጋዘን ብቻዬን ልቀር ነው። እሱን ፈራሁ።»

አሥራ አንድ ዓመት አንድ የሠራተኛ ማመላለሻ መኪና ላይ አብረን ወጥተን፣ አንድ የምሳ ሰዓት ተካፍለን ኖረናል። ይህን ቢነግረኝ አብሬው አለቅስ ነበር፤ አንተም ተማር ብዬ እጁን እጎትት ነበር። እሱ ግን ፍርሃቱን ለሦስት ሰው አሸክሞ ላከብኝ። አዘንኩለት፤ አልዋሽም። ንዴቴ ግን ፈቀቅ አላለም።

ሰኞ ጠዋት ብሩን ይዤ ሄጄ ተመዘገብኩ። ማታ ስመለስ በሩን ከፈተልኝና ምን ሆነ ሳይለኝ ሽማግሌዎቹ ደውለው ውጤቱን እንደጠየቁት ነገረኝ። ምን ልበላቸው አለኝ። ተመዝግባለች በላቸው፣ ትማራለች በላቸው አልኩት። ሦስቱንም አንድ በአንድ እየደወለ ሲነግራቸው አጠገቡ ተቀምጬ ሰማሁ።