ብስኩት በሚኒባስ ውስጥ

ልጄ ሶልያና ሁለት ዓመት ሊሞላት ጥቂት ሲቀራት አንድም ቃል አልወጣትም ነበር፤ ስጠራትም አታየኝም። የምትረዳን ባለሙያ፣ «ኦቲዝም ሊሆን ይችላል፤ ቁርጡ እስኪታወቅ ግን ቁጭ ብለን አንጠብቅም» ብላ አንድ ልምምድ አስተማረችኝ። ልጄ የምትወደውን ነገር ዓይኔ አጠገብ ይዤ ስሙን እጠራለሁ፤ እስክታየኝ ትንሽ እጠብቅና እሰጣታለሁ።

አንድ ቀን ወደ ሰሜን በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ብስኩት አወጣሁና ዓይኔ አጠገብ ያዝኩት። «ብስኩት» አልኩ። ሶልያና ብስኩቱን እንጂ እኔን አላየችም።

«ጓለይ፣ ሕፃን ለምን ታስጎመጃለሽ?» አሉኝ አጠገቤ የተቀመጡ እናት፤ በትግርኛ «ልጄ» ማለታቸው ነው።

«መናገር እያስተማርኳት ነው፣ ኣደይ» አልኳቸው፤ እኔም በቋንቋቸው «እናቴ» ብዬ።

«ለዚህ ነው የምታስርቢያት?» አለ ከኋላ አንድ ሰውዬ። «የእኔ ልጅ እስከ አራት ዓመቱ አልተናገረም። ዛሬ ጠበቃ ነው።»

ይህን ወሬ ሰፈሩ ሁሉ ሲነግረኝ ስለከረመ ደሜ ፈላ። ሴትዮዋ ብስኩቱን ሊነጥቁኝ እጃቸውን ዘረጉ፤ እኔም በእልህ አልለቅም አልኩ። ስንጓተት ለሁለት ተሰበረ። ያም ሆኖ «ብስኩት፣ ብስኩት» ማለቴን አልተውኩም።

ይኼኔ ሶልያና አፌን በትንሿ መዳፏ ከደነች። ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይን ዓይኔን አየችኝና፣ «በቃ» አለች።

እንባዬ መጣ። ሴትዮዋ ግን በእጃቸው የቀረውን ግማሽ ብስኩት እየሰጧት በትዝብት አዩኝ።

«ይኸው ትናገር የለ እንዴ? ምን ጎደላት ብለሽ ነው?»