ራግቢ የገባበት ጋቢ

ለአማቴ ያዘዝኩትን ባለ ሰማያዊ ጥለት ጋቢ ልወስድ ሽሮ ሜዳ ወጣሁ። ሸማኔው ጋሽ ጫፎ ቴሌቪዥን ላይ የውጭ አገር ክለቦች ራግቢ ሲጫወቱ እያዩ ይሸምናሉ። ማን ጠየቀኝ? «ጋሼ፣ ይሄ የቆየ ውድድር ነው፤ ክለቦቹ መጀመሪያ በምድብ ይጫወታሉ» ብዬ ማስረዳት ጀመርኩ።

«ምድቡ እንኳ ከቀረ ቆየ» አሉኝ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ። «አሁን ሁሉም ከሁሉም ይጋጠማል፤ አራቱ ለግማሽ ፍጻሜ ያልፋሉ።»

ላለመሸነፍ፣ «ኳስ ወደ ኋላ እየወረወሩ ወደፊት መሄድ ግን ምን የሚሉት ጨዋታ ነው?» አልኩ።

«የእኔስ መወርወሪያ ግራና ቀኝ እየተመላለሰ አይደል ጋቢው ወደፊት የሚረዝመው?»

በቃ፣ ወደ መጣሁበት ጉዳይ ገባሁ። ጋቢዬን ሲዘረጉልኝ ግን ጥለቱ አረንጓዴ ነው።

«ጋሼ፣ ሰማያዊ አላልኩዎትም?»

«ሰማያዊ ለባሾቹማ በግማሽ ፍጻሜው በአረንጓዴዎቹ ተሸንፈው ወደቁ። አማትህን ላሳፍርልህ እንዴ?»