ሁለት ዲግሪ

ባልንጀራዬ በአራዊት ማቆያው ሠላሳ ዓመት ኤሊ ጠብቋል። ሠራተኞቹ «አባ ኤሊ» ይሉታል፤ እሱም «ኤሊስ ቀስ ብላም ቢሆን ትደርሳለች፤ የማትደርሱት እናንተ ናችሁ» ይላቸው ነበር። እሱ የሚጠብቀው የኤሊ ዝርያ በዱር ካለቀ ቆይቷል። የተረፉት እዚያ ግቢ ያሉት አንድ ያረጀ ወንድና ሁለት ሴቶች ብቻ ነበሩ።

እንቁላሉን ከአሸዋ ያወጣል፤ ላይኛውን ጎን በእርሳስ ምልክት አድርጎ፣ ሳያገላብጥ፣ ማሞቂያው ሳጥን ውስጥ ያኖረዋል። የሙቀቱን ልክ የቀድሞው ኃላፊ በወረቀት ጽፎ ሳጥኑ ላይ ለጥፎለት ነበር። እሱ ግን ሁለት ዲግሪ ይጨምርበታል። «ይበርዳቸዋል» ይለኝ ነበር። የመጀመሪያ ልጁ ወር ሳይሞላት ብርድ መቷት የሞተችበት ሰው ነው። ደግሞም ሲሞቃቸው ቶሎ ይፈለፈላሉ። በአሥራ ሁለት ዓመት ሠላሳ አንድ ግልገል ኤሊ አሳደገ፤ ተሸለመም።

ኤሊ ወንድ ይሁን ሴት በጅራቱ የሚለየው ከዓመታት በኋላ ነው። አምና ያረጀው ወንድ ሞተ። ምትኩን ለመምረጥ የአራዊቱ ሐኪም እሱ ያሳደጋቸውን ኤሊዎች እየገለበጠች ታይ ጀመር።

«ሴት። ይቺም ሴት።»

«እኔም ቤት ያው ነው፤ ሦስት ሴት» አለ እየሳቀ።

ሃያኛዋን ስታስቀምጥ ሳቁን ተወው።

«ጋሼ፣ ሙቀቱ ስንት ላይ ነበር?»

ነገራት።

«ወንድና ሴት የሚለየው እኮ እዚያው ሳጥን ውስጥ ነው። ሲሞቅ ሴት፣ ቀዝቀዝ ሲል ወንድ።»

«ትንንሾቹስ? የእነሱ ጅራት ገና አልለየም።»

«እነሱስ የት ሞቁ፣ ጋሼ?»

ወረቀቱ ላይ ልኩ እንጂ ምክንያቱ አልተጻፈም ነበር።

አንድ ተስፋ ቀረ። ሴት ኤሊ የወንዱን ዘር በሆዷ ዓመታት ታቆያለች። ዘንድሮ ከሁለቱ እናቶች ትልቋ አምስት እንቁላል ጣለች። ሙቀቱን ወረቀቱ እንዳለው አደረገ፤ እጁ ወደ መቆጣጠሪያው እንዳይሄድ ኪሱ ውስጥ ከትቶ ሲቆም አይቼዋለሁ። በአርባኛው ቀን ፅንስ ይዘው እንደሆነ አንድ በአንድ በመብራት አየናቸው። አንድም የደም ክር የለም። አምስቱም ውኃ።

በክፋት የጠፋ ነገር ቢሆን ንስሐ ይገኝለት ነበር። ርኅራኄን ግን ምን ብለው ይናዘዙታል?

ወደ ግቢው ወጣን። ኮቴውን ሲሰሙ ሠላሳ አንዱም ቅጠል የያዘ መስሏቸው አንገታቸውን አስግገው ወደ እሱ መጡ።

«ጤነኞች ናቸው» አለኝ። «መቶ ዓመት ይኖራሉ።»