እስክሞት ቆይልኝ

ራሂማን ያወቅኳት ኮምቦልቻ ነው። አንድ ግቢ ተከራይተን፥ አንድ ፈረቃ ገብተን፥ አንድ ዓይነት ሳል እንስል ነበር። የክር ፋብሪካ ሠራተኞች ነን። ጥጡ እንደ ዱቄት ይበናል፤ አፍና አፍንጫችንን በሻሽ ብናስርም ማታ የምንተፋው ነጭ ነው። የኔ ሳል ከጉሮሮዬ አላለፈም። የሷ ወደ ውስጥ ወረደ።

በእረፍቷ ቀን ሠርግ ትዘፍናለች። ከሐርቡ እስከ ደሴ ድንኳን የጣለ ሁሉ ያውቃታል፥ ስሟን የሚያውቅ ግን የለም። «ያቺ ቀጭኗ ትጠራልን» ነው የሚሉት። ይሄ ነገር ያንገበግባት ነበር። ከሷ በፊት የዘፈኑት ሴቶችም እንዲሁ መቅረታቸው ደግሞ የበለጠ ያንገበግባታል። ወንድ ሲዘፍን ከነአባቱ ስም ይጠራል፤ ሴት ስትዘፍን የአባቷ ስም እንዳይሰደብ በቅጽል ስም ትደበቃለች። ደሴ ጠጅ ቤት ውስጥ የዘፈነችው፥ ወንዶች ፊት መጀመሪያ ከበሮ ያነሳችው፥ ለከባድ መኪና ሾፌሮች እያንጎራጎረች ልጆቿን ያሳደገችው፥ ሁሉም እንደዚያው ቀርተዋል።

ራሂማ የስድስት እንዲህ ያሉ ሴቶችን ዘፈን ለቃቅማ፥ በራሷ አዚያዜም ዘፍና፥ የሴቶቹን ስም ከነአባታቸው ሽፋኑ ላይ አስጽፋ አንድ አልበም ላውጣ አለች። እኔ ሳቅኩባት። በኋላ ግን ሰማኋት። ሠርግ ላይ የምንረግድበትን ዘፈን አዝግማ ስታወጣው ለካ ሙሽራዋ እያለቀሰች ኖሯል። ስንት ዓመት ያጨበጨብኩበትን ዘፈን ያን ቀን ገና ሰማሁት።

የቀረጸላት ተውፊቅ ነው። ሰኞ ገበያ በሚባለው የደሴ ሰፈር፥ ከአንድ ጨርቃ ጨርቅ ሱቅ በላይ ትንሽ ስቱዲዮ አለችው። በጦርነቱ ጊዜ ተዘርፎ እንደገና ከዜሮ የጀመረ ሰው ነው። «ኪቦርድ ካልገባበት ማን ይሰማዋል?» ቢላት፥ «ክራርና ከበሮ ይበቃኛል፤ እነሱም ከዚያ በላይ አልነበራቸውም» ብላ ድርቅ አለች። ምኞቷ ትንሽ ነበር። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚወርድ ሚኒባስ ውስጥ፥ ከማያውቃት ሰው አጠገብ ተቀምጣ፥ ሾፌሩ ከፍቶት ዘፈኗን መስማት። «አንድ ጊዜ ብቻ ልስማው፥ ከዚያ አላህ እንደፈቀደ» ትል ነበር።

ከስድስቱ ሴቶች አምስቱ ሞተዋል። ስድስተኛዋ እመት ሐዋ ቦሩ ሜዳ ነው የሚኖሩት። ራሂማ ዘፈናቸውን ከእናቷ ነው የተማረችው፤ ቀርጻ ከጨረሰች በኋላ ፈቃድ ልትጠይቅ ሄደች። እኔም አብሬያት ነበርኩ።

እመት ሐዋ ልመናዋን ሰምተው ሲያበቁ መቁጠሪያቸውን ጭናቸው ላይ አስቀመጡ።

«ልጄ ታሞ ትቼው ሠርግ ሄድኩ» አሉ። «ስመለስ ተገንዞ አገኘሁት። ያን ዕለት ማልኩ። ወላሂ፥ በሕይወት እያለሁ ዘፈኔን ለሰው ጆሮ አልሰጥም ብዬ ማልኩ። እና ልጄ፥ እስክሞት ቆይልኝ። ሰማንያን አልፌያለሁ፤ ብዙም አላስጠብቅሽ።»

መንገድ ላይ ተጣላን። «እሳቸውን ትተሽ አምስቱን አውጪ» አልኳት።

«በሕይወት ያለችውን ትቼ ሙታኑን ብቻ ብዘፍን ከመቃብር የሰረቅኩ ነው የሚመስለኝ። እሳቸው ‹እሺ› ሲሉኝ የሁሉም ‹እሺ› ነው» አለችኝ።

እናም አልበሙ ተውፊቅ ኮምፒውተር ውስጥ ተቀምጦ የአንዲት አሮጊት ሞት ይጠብቅ ጀመር። ራሂማ ስኳር እየያዘች ትጠይቃቸዋለች፤ እሳቸውም ከደጅ ሲያዩዋት «መጣሽ? አልሞትኩም፥ ግቢ» ይሏታል። ሁለቱም ይስቃሉ። እኔን አያስቀኝም ነበር፤ ጎረቤቴ ስትከሳ አያለሁና። መጀመሪያ ሠርግ ተወች፥ ቀጥሎ ፋብሪካው ለሳንባዋ ምንም ሳይከፍላት አሰናበታት። በመጨረሻ ከአልጋ ወደ ደጅ መውጣት አቅቷት ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል አስተኛናት። ከእመት ሐዋ ቤት የእግር መንገድ ነው።

አንድ ቀን ብስጭቴ ገንፍሎ ብቻዬን ሄድኩባቸው።

«እመት ሐዋ፥ እርስዎ አልሞት አሉ፤ ልጅቱ ግን እየሞተች ነው» አልኳቸው።

እንዲህ ያለ ቃል ለአዛውንት ተናግሬ አላውቅም። ቢሆንም አልጸጸትም። ምርኩዛቸውን አነሱና ተከተሉኝ። ራሂማ አፍንጫዋ ላይ ቱቦ ተሰክቶ ተኝታለች፤ ስታያቸው ፈገግ አለች እንጂ ድምፅ አልወጣትም። ግንባሯን ዳብሰው «አብሽሪ ልጄ፥ አብሽሪ» አሏት። ያቺን የምንጠብቃትን ቃል ግን ሳይናገሩ ወጡ። በነጋታውም፥ ከዚያ በኋላ ባለው ቀንም አልመጡም። ድንጋይ ናቸው አልኩ። ራሂማ ዓይኗን ከበሩ አልነቀለችም ነበር። በዚያው በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ በሩን እያየች ሞተች።

ኮምቦልቻ ወስደን ቀበርናት። ለቅሶ ላይ ተቀምጠን እመት ሐዋ በምርኩዝ እያዘገሙ ገቡ፤ ከሚኒባስ ወርደው ሽቅብ በእግራቸው ነው የመጡት። ከንፈራቸው ተሰነጣጥቋል። ለቅሶውን በዱዓ ከሚመሩት ከሸህ አብዱልወሀብ ፊት ተቀመጡና እንዲህ አሉ፦

«የመሐላዬን ከፋራ፥ የማፍረሻውን ካሳ፥ ጾሜ ጨረስኩ ሸሁ። አሥር ሚስኪን የማበላበት የለኝም፥ ስለዚህ ሦስት ቀን ጾምኩ። ከአላህ ጋር ሒሳቤን ሳልጨርስ ‹እሺ› ልላት ፈራሁ። ሦስተኛውን አፍጥሬ ሆስፒታል ስሄድ አልጋዋ ላይ ሌላ ሰው ተኝቷል።»

ለካ የጠፉት ለሷ ሲጾሙ ነው። በዚያ ዕድሜ! ድንጋይ ናቸው ያልኩትን ቃል ዋጥኩት።

ሸሁ ራሳቸውን ዝቅ አደረጉ። «እመት ሐዋ፥ አላህ ይቀበልዎ። ግን ከፋራ የሚጾመው መሐላው ከፈረሰ በኋላ ነው። ያን ዕለት ‹እሺ› ብለዋት፥ ከዚያ ቢጾሙም ይደርስ ነበር።» ቃሉ ካፋቸው ከወጣ በኋላ የቆጫቸው መሰሉ።

«ያ ረቢ!» አሉ እመት ሐዋ። ከዚያ ዞር ብለው፥ ከለቅሰኞቹ መሃል የተቀመጠውን ተውፊቅን «ዘፈኑ እስልክህ ውስጥ አለ?» አሉት።

«አለ፥ እመት።»

«ወደ ደጅ አውጣኝና ክፈተው።»

የሚከለክላቸው አልነበረም። አጥሩን ተደግፈው ቆሙ፤ ተውፊቅ ስልኩን ወደ ጆሯቸው አስጠጋላቸው።

*ቦርከና ቢሞላ ይጎድላል በበጋ፥*
*የኔ ሆድ ብቻ ነው ሞልቶ የማይረጋ።*

ከአርባ ዓመት በላይ ያልሰሙት የራሳቸው ዘፈን ነው፤ በራሂማ ድምፅ። እስከ መጨረሻው ሰሙት። እኔ ግን መቻል አቅቶኝ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ።

«ልቀቀው፤ ለሁሉም ሰው አሰማው። መሐላዬ ፈረሰ» አሉት። «ስሜንም ከነአባቴ ጻፈው። ከነገ ጀምሬ እጾማለሁ።»

አሁን አልበሙ ወጥቷል። ሰሞኑን ከደሴ ስመለስ ሐረጎን ቁልቁል ስንይዝ ሾፌሩ ያንኑ ዘፈን ከፈተው። ከኋላ አንድ ጎልማሳ «ምን ያለ ለቅሶ ነው በጠዋቱ፥ ቀይረው እንጂ!» አለ። ረዳቱ እጁን ሲሰድ «እንዳትነካው!» ብዬ ጮህኩበት፤ ተሳፋሪው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ሾፌሩም በመስታወት አይቶኝ ተወው። አልበሙ ኮምቦልቻ እስክንገባ ዘለቀ። ከጎኔ የተቀመጠችው ልጅ ስንወርድ «ማን ናት የዘፈነችው?» አለችኝ።

ስሟን ከነአባቷ ነገርኳት።