የጭቃው በሬና የጉሮሮዬ ሕመም

በ2013 ዓ.ም. መስከረም ላይ የሰባ ዓመት ሰው ነበርሁ። ምሳ ቀርቦልኝ አንድ ጊዜ ጎረስሁ፤ ጉርሻው ከጉሮሮዬ ላይ ቆመ። ውኃ ጠጣሁበት። አልወርድ አለ። ወጥቼ ተፋሁት።

ሕመሜ እንዲህ ጀመረ። ይኸን የምጽፈው እንደኔ የሆነ ሰው አይጠፋም ብዬ ነው። ፊደል የቆጠርሁት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ፣ ጎልማሳ ሆኜ ነው፤ አጻጻፌ ቢጎረብጣችሁ ቻሉት።

ቤቴ ከቡሬ ወጣ ብሎ ነው። አብረውኝ ያሉት ምራቴ አንጓችና የዘጠኝ ዓመቷ የልጅ ልጄ ብርቱካን ናቸው። አንድ ልጄን ይበልጣልን ነሐሴ ላይ ፈጣም ወንዝ ወስዶብኛል። ከሁለቱ በሬዎቼም አንዱ አብሮት ሄደ። በዚያ ቀን ወደሆነው ኋላ እመለሳለሁ። ያኔ ለማንም አልተናገርሁትም ነበር።

እስከ ታኅሣሥ አጥሚት ብቻ ነበር የሚወርድልኝ። ቀበቶዬ ሦስት ቀዳዳ ጨመረ። ማኅበር ቀረሁ፣ እድር ቀረሁ። አንጓች ስታቀርብልኝ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ነበር የምቀምስ። ፊቷን ማየት አቃተኝ። ባልነጋ ብዬ የተኛሁባቸው ቀኖች ነበሩ።

ሁለት ሱባኤ ጸበል ተጠመቅሁ። ጸበሉን ዛሬም አልተውሁም፤ ሐኪሙም ተው አላለኝም። ሰውነቴ ግን እየመነመነ ሲሄድ አንጓች አስገድዳ ፍኖተ ሰላም ሐኪም ቤት ወሰደችኝ። ከዚያ ወደ ባሕር ዳር ተላክሁና ኢንዶስኮፒ የሚሉትን ቱቦ በጉሮሮዬ አስገቡብኝ። ካንሰር ነው ብዬ ደምድሜ ነበር። እውነቱን ልናገርና ካንሰር ቢሆን ደስ ባለኝ።

ውጤቱን ይዤ ፍኖተ ሰላም ስመለስ ሐኪሙ፣ «አባቴ፣ ጉሮሮዎ ንጹሕ ነው። ይኸ ድባቴ ይባላል» አለኝ።

«እብድ ነህ ነው የምትለኝ?»

«የለም፣ ታመዋል ነው የምልዎ። ክኒንም፣ የሚያናግርዎ ሰውም ያስፈልግዎታል።»

ፍሉኦክሴቲን የሚባል ክኒን አዘዘልኝ። በመጀመሪያው ሳምንት አቅለሸለሸኝ፣ ሌላ ለውጥ የለም፤ በንዴት ወረወርሁት። ሐኪሙ ሲሰማ፣ «ሳምንታት ይፈልጋል፤ ከእኔ ጋር ሳይማከሩ እንዳያቋርጡ» ብሎ ተቆጣኝ። እንደገና ጀመርሁ።

ምክር የሚሰጥበት ቤት እዚያው ፍኖተ ሰላም ነው። አዋቂም፣ ልጅም፣ ቤተሰብም በአንድነት ይቀርባል። አማካሪዋ ሰላም የምትባል፣ የልጄ ታናሽ ልትሆን የምትችል ሴት ናት። ሁለት ቀን አብሬያት ተቀመጥሁ፤ ቃል አልወጣኝም። በሦስተኛው ከጎን ወዳለው ክፍል አስገባችኝ። ረጅም ጠረጴዛ፣ ቀለም፣ ወረቀት አለ። በሣህን የተቦካ ሸክላ አፈር አቀረበችልኝ።

«ምላስ እምቢ ያለውን አንዳንዴ እጅ ያወጣዋል» አለች።

ደሜ ፈላ። «እኔ ገበሬ ነኝ፤ ሸክላ ሠሪ ነው ብሎ ማን ነገረሽ?» ብዬ ዱላዬን አንሥቼ ወጣሁ። በእኛ አገር ከሸክላ ሠሪ ገንቦ እየገዛን ከእሱ ጋር ማዕድ የማንቆርስ ሰዎች ነበርን። ዘሬን የሰደበች መሰለኝ። ያን ንቀት ዛሬ አፍርበታለሁ። ያኔ ግን አንድ ወር ሙሉ አልተመለስሁም።

በግንቦት አንድ ጧት አንጓች መጥታ ከፊቴ ቆመች።

«አባባ፣ ሰኔ ሚካኤልን ከዋልን በኋላ ብርቱካንን ይዤ ፈረስ ቤት ከተማ እናቴ ዘንድ እገባለሁ። ፊቴን ማየት ጠልተዋል፤ አልፈርድብዎትም።»

አንቺን አይደለም የጠላሁት ልላት ፈለግሁ። ያች ጉርሻ ከጉሮሮዬ ቆመች። አንጓች ወጣች።

ብርቱካንም አባቷ ከሞተ ወዲህ ድምፅዋ ጠፍቶ ነበርና እናቷ ወደ ሰላም ትወስዳት ነበር። በማግስቱ፣ «ዛሬ እኔ አደርሳታለሁ» አልሁ። እንዳልፈራረስ ይዞኝ የነበረው ግትርነቴ ነው፤ እሱንም ዋጥሁት። ብርቱካን ከጠረጴዛው ተቀምጣ ከጭቃ በሬ ትሠራለች። እኔ በሩ ላይ ቆሜ አያለሁ። ዝም ማለት አልቻልሁም።

«ቀንዱ ከጆሮው በታች የበቀለ በሬ የት አየሽ?»

«እንግዲያ እርስዎ ይሥሩታ!» አለች። ከወራት በኋላ ጮክ ስትል የሰማኋት ያን ጊዜ ነው።

ተቀመጥሁ። በልጅነቴ ከብት ስጠብቅ የጭቃ በሬ ስሠራ የሚስተካከለኝ አልነበረም። ጣቴ አልረሳውም። ሻኛውን አወጣሁለት፣ ቀንዱን አቀናሁት፣ ሁለተኛውን ሠራሁ፣ በክብሪት እንጨት ቀንበር አደረግሁላቸው። ሰላም መጥታ አጠገባችን ተቀመጠች።

«ወዴት እየሄዱ ነው?»

«ወንዝ ሊሻገሩ።»

«ተሻገሩ?»

አንዱን ከቀንበሩ ፈታሁና በግንባሩ ደፋሁት። ብርቱካን አየችኝ። «አባዬም እዚያ ነበር» አለች።

ሰላም ሌላ አልጠየቀችኝም። «በሚቀጥለው ሳምንት አንጓችም ትምጣ?» አለች። ትምጣ አልሁ።

አንጓች መጣች። በሬዎቹ ጠረጴዛው ላይ ነበሩ። እነሱን እያየሁ ተናገርሁ።

ነሐሴ ላይ ይበልጣልና እኔ በሬዎቻችንን ወደ ማዶ ግጦሽ ልናሻግር ነበር። ደመናው ከብዷል። እኔ ቸኮልሁ። ይበልጣል፣ «ውኃው ሞልቷል፤ እስኪጎድል እንቆይ» አለኝ። ሰዎች በዳር ቆመው ነበር። «ከመቼ ወዲህ ነው ውኃ የምትፈራ?» አልሁት። ሰዎቹ ሳቁ። ልጄ አንዱን በሬ ይዞ ገባ። በቃ።

አንጓች አንዱን የጭቃ በሬ ወደ ራሷ ሳበች።

«አውቃለሁ» አለች። «ከሳቁት አንዱ በአርባው ዕለት ነግሮኛል።»

«ታዲያ ይኸን ሁሉ ወር እንዴት እህል አቀረብሽልኝ?»

«ዛሬ ይነግሩኛል፣ ነገ ይነግሩኛል እያልሁ ነዋ። ከራስዎ አፍ ልሰማው ነበር የፈለግሁ። ሲሰለቸኝ ነው ልሄድ ያልሁት።» አለቀሰች። እኔም አለቀስሁ። «ይቅር ለማለት ጊዜ ይስጡኝ፣ አባባ። ግድግዳውን ግን ከእንግዲህ አይዩብኝ።»

ያን ቀን በመኪና ስንመለስ ብርቱካን በመካከላችን ተኝታ ነበር። ቡሬ ልንገባ ስንል አንጓች በመስኮቱ የሰዉን እርሻ እያየች፣ «የእኛ ማሳ ሳይታረስ ክረምት ሊገባ አይደለም እንዴ?» አለች። የእኛ አለች። ፈረስ ቤትን አላነሣችም። ያን ማታ ከአንድ ትሪ በላን፤ አራት ጉርሻ ወረደልኝ፣ ቆጥሬዋለሁ።

አንድ ጊዜ ተናገርሁና ዳንሁ እንዳይመስላችሁ። ክኒኑን አንድ ዓመት ከመንፈቅ ወስጄ በሐኪሙ ትእዛዝ ቀስ በቀስ ተውሁት፤ ምክሩን እስከ መጨረሻው ሄድሁ፤ ዛሬም ነሐሴ ሲመጣ ጉሮሮዬ ጠበብ ይላል፣ ምን እንደሆነ ስለማውቀው ግን አያስፈራኝም። እህል የማይወርደው፣ እንቅልፍ የነሣው፣ ባልነጋ የሚል ሰው ካለ ለአንድ ሰው ዛሬውኑ ይናገርና ሐኪም ዘንድ ይሂድ። ከቻለ የሚፈራውን ሰው አብሮ ይውሰድ፤ እኔን ያቆመኝ የአንጓች እዚያ መቀመጥ ነው። ጭቃ ቢሰጧችሁም አትኮሩ። ሐኪሙን፣ ሰላምን፣ ቀንዱን ከጆሮው በታች ያበቀለችውን ልጅ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። አንጓችን በምን ቃል እንደማመሰግናት እስካሁን አላገኘሁም።

ከአንድ ትሪ በበላን ማግስት ያደረግሁትን ልንገራችሁና ላብቃ። የቀረው በሬዬ ጓደኛው ከሄደ ጀምሮ አልተጠመደም ነበር፤ አንድ በሬ ያለው ሰው ከጎረቤቱ መቀናጆ ጠይቆ ሁለቱን አጣምሮ ያርሳል፣ እኔ ግን ሰው ደጅ ቆሜ መለመን ሞት መስሎኝ ነበር። ጧት ተነሥቼ የይበልጣልን ቀንበር ከተሰቀለበት አወረድሁ። አቧራውን ጠረግሁ። በሬዬን እየጎተትሁ ጎረቤቴ ደምሴ ደጅ ሄድሁና፣ «መቀናጆ ስጠኝ» አልሁት።

ደምሴ ጋቢውን እያስተካከለ እኔንም በሬውንም ተራ በተራ አየ። «እሱስ አጥሬን ጥሶ ስንቴ መጣ» አለኝ፤ «የዘገየኸው አንተ ነህ።» በሬውን ሊያወጣ ወደ በረቱ ገባ።