ስህተቷን ጥላ የማታልፍ ልጅ

ሥራዬ ልጆች ሲያነቡ ዝም ብሎ መስማት ነው። አንድ ልጅ ለአንድ ደቂቃ ያነባል፤ ሰዓቱ ሲጮህ የደረሰበት ቃል ላይ ምልክት አደርጋለሁ። ሲሳሳት አላርምም፣ አላበረታታም፣ ፊቴም አይለወጥም። ለዚህ አምስት ቀን ሠልጥኛለሁ። ባለቤቴ ግን ሥልጠናው አያስፈልግህም ነበር ትላለች።

ከከሚሴ ወደ ጨፋ ሮቢት በሚወስደው መንገድ ዳር ወዳለ አንድ እስላማዊ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተላክሁ። አንዲት የሦስተኛ ክፍል ልጅ ገባችና በኦሮምኛ የተጻፈ ምንባብ ሰጠኋት፤ ከቤት ወጥታ ስለጠፋች ፍየል ነው። ጥሩ ጀመረች። ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ አንድ ቃል ተሳሳተች፣ ራሷ አወቀችው፣ ከዓረፍተ ነገሩ መጀመሪያ ተነሣች። ደግማ ስትሳሳት ደግማ ተመለሰች። ቁርኣን ሲቀራ የተሳሳተ ልጅ ወደ አያው፣ ወደ አንቀጹ መጀመሪያ ይመለሳል እንጂ ስህተቱን ጥሎ አያልፍም። እኔም የቀራሁት እንደዚያ ስለሆነ ነገሩ ወዲያው ገብቶኛል። ፊቴ ግን አልተለወጠም። ሰዓቱ ሲጮህ ፍየሏ ገና ከቤት አልወጣችም ነበር።

«መምህር፣ ልጨርሰው?» አለችኝ።

«ሰዓቱ አልቋል።»

«ከወንድሜ ጋር ልታስቀምጡኝ ነው?»

ዝቅተኛ ውጤት ያመጣ ፊደል ከሚቆጥሩት ትንንሾች ጋር እንዲቀመጥ ተወስኗል፤ ታናሽ ወንድሟ እዚያ ነው። የደረሰችበት ቃል ላይ ምልክት አደረግሁ።

ቁርኣን የሚያስቀሯት ሽማግሌ ኡስታዝ በሩ ላይ ቆመው ሲሰሙ ነበር። «ልጄ፣ ወላሂ ይቺ ልጅ ታነባለች» አሉኝ።

«አውቃለሁ ኡስታዝ። የሚቆጠረው ግን በደቂቃ ነው።»

ውጤቱን በምሞላበት ቅጽ፣ አስተያየት በሚለው ቦታ ላይ «ታነባለች» ብዬ ጻፍሁ። የምዘናው አስተባባሪ ደውሎ አስተያየት አይደመርም አለኝ። ተናደድሁ፤ በእሱ ሳይሆን በራሴ፤ ቁጥሩን የላክሁት እኔ ነኝና።

ከወራት በኋላ ለሁለተኛው ምዘና ስመለስ ልጅቷን ከትንንሾቹ መሐል አገኘኋት፤ ጉልበቷ ዴስኩ ሥር አልገባ ብሎ ወደ ጎን ዞራ ተቀምጣለች። አዲስ ምንባብ ሰጠኋት። ያለ ትንፋሽ ለቀቀችው። ስትሳሳት ቀና እንኳ ሳትል አለፈች፤ ሰዓቱ ሳይጮህም ጨረሰች። ስህተቶቿ ተቀንሰው እንኳ ውጤቷ ከሚፈለገው ተርፎ ተገኘ። ወደ ክፍሏ እንደምትመለስ ስነግራት ሣቀች። እኔም ከልቤ ደስ አለኝ፤ ያንን ቁጥር የሚክስ ቁጥር አገኘሁ ብዬ።

ስወጣ ኡስታዙን ግቢ ውስጥ አግኝቼ አንዴም ወደ ኋላ ሳትመለስ አንብባ እንዳለፈች አበሠርኋቸው።

«አልሐምዱሊላህ» አሉ። ቀጥለውም፣ «ቁርኣኑንም እንደዚያው መቅራት ጀምራለች። ተሳስታ ስታልፍ ተመለሽ እላታለሁ።»

«ምን ትላለች?»

«‹ኡስታዝ፣ ሰዓቱ ያልቃል› ትለኛለች።»