አባባ ቦሩና የተቆጣው አንጎሌ

በጃንሆይ ዘመን፣ ዲላ ውስጥ የሦስተኛ ክፍል ልጅ ሳለሁ፣ ቀኝ እጄ እኔን ሳያስፈቅድ መዝለል ጀመረ። ከወራት በፊት ጉሮሮዬን ታምሜ፣ ጉልበቴም አብጦ ነበር፤ ሁለቱም ድነው ተረስተዋል። ከእጄ ቀጥሎ ፊቴ ተከተለ። አንድ ቀን መምህራችን ሰሌዳው ላይ ጽፈው ዞር ሲሉ ምላሴ ወጣባቸው። «መልሺው!» አሉ። መለስኩት፤ እንደገና ወጣ። ክፍሉ በሳቅ ሲፈነዳ እኔ እያለቀስኩ ወደ ቤት ተባረርኩ።

ጎረቤቱ ሁሉ መንፈስ ነው አለ፤ አባቴ ግን ክሊኒክ ወሰደኝ። ድሬሰሩ የጉሮሮዬንና የጉልበቴን ነገር ሰምቶ፣ «ከጉሮሮዋ የተነሳ ነው፤ አንጎሏ ተቆጥቷል። መርፌዋን ትወጋ፣ ትረፍ፤ በጥቂት ወራት ይተዋታል» አለ።

ከወናጎ መጥተው እኛ ዘንድ የሚኖሩት የአባቴ አጎት አባባ ቦሩ ይህን ሲሰሙ፣ «ማን አስቆጣው?» ብለው ጠየቁ። አማርኛቸው ሴትና ወንድ አይለይም ነበርና ወደ እኔ ዞረው፣ «አይዞህ ልጄ፣ የተቆጣ ይታረቃል። ሽማግሌው እኔ ነኝ» አሉኝ።

ከዚያን ዕለት ጀምሮ በየአመሻሹ፣ የኩራዙ ብርሃን እየተርገበገበ፣ የቡና ግንዱ ጭስ ዓይን እየቆጠቆጠ፣ ከእሳቱ ዳር አስቀምጠውኝ ጉድጓድ ስለገባው ጅብ ይተርኩልኝ ጀመር። እጄ የቆጮውን ሳህን ቢገለብጥም፣ አንዴ ጺማቸውን ቢጎትትም አያቋርጡም፤ «ጅቡም ልክ እንዲህ አደረገ» ብለው ይቀጥላሉ። እንቅልፍ ሲወስደኝ እጄም ፊቴም ጸጥ ይላሉ፤ እናቴ ደህና አድርጋ የምትተነፍሰው ያኔ ብቻ ነበር።

ክረምቱ ወጥቶ እጄም ሲረጋ፣ አንድ ምሽት ሳልተኛ ቀረሁ። አባባ ቦሩ ጅቡን እስከ ጉድጓዱ አፍ ካወጡት በኋላ ዝም አሉ።

«ከዚያስ አባባ?» አልኳቸው።

ዓይኔን አዩ፤ አባቴን አዩ። «ሁሌ እዚህ ጋ ትተኛለህ!» አሉ ተናደው። «መጨረሻ ማን አዘጋጀ?»

አባቴን ሳቁ አንፈራፍሮ ከበርጩማው ጣለው። እናቴ ጅቡ ይውጣ ስትል፣ አባቴ ከወለሉ ላይ ሆኖ እዚያው ይቅር ሲል፣ ክርክሩ ሳያልቅ እራት ቀረበ።

በሳምንቱ ትምህርት ቤት ተመለስኩ። መርፌው ይሁን ዕረፍቱ ያዳነኝ፣ ሐኪም ስላልሆንኩ አልፈርድም። ልቤ ውስጥ የቀሩት ግን እኚያ ሽማግሌ ናቸው፤ መንገዱ ሳያልቅ እንቅልፍ እንደሚወስደኝ ተማምነው፣ መድረሻውን ወደማያውቁት ጉዞ በየምሽቱ ይዘውኝ ይወጡ የነበሩት።